የባንኩ ገዥ ሲለወጥ የገበያው ገዥ ምን ይጠብቅ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በመስከረም 2018 ዓ.ም. አዲስ ገዥ ተሾመለት። ከጥር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኩን የመሩት አቶ ማሞ ምሕረቱ ከኃላፊነት መልቀቃቸውን አስታውቀው፣ ወንበሩን የገንዘብ ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት ዶክተር እዮብ ተካልኝ ተረክበዋል። አቶ ተክለወልድ አጥናፉ በዚሁ ወንበር 18 ዓመት ያህል ቆይተው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከተነሡ ወዲህ፣ ዶክተር ይናገር ደሴን ጨምሮ፣ በሰባት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ሰዎች መሾማቸው ነው።

እንዲህ ያለው ሹመት በአዲስ አበባ የባንክ አክሲዮን ለያዘ ሰው ትልቅ ዜና ነው። በከሚሴ አካባቢ፣ በጨፋ ሮቢት ገበያ ማሾ ለሚሰበስበው፣ ከአፋር ቆላ የመጣውን ከብትና ፍየል ተቀብሎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዲስ አበባ ለሚጭነው ነጋዴ ግን ጉዳዩ ሾላ በድፍን ነው። በባንኩ ስም «ገዥ» የሚባለውን አያውቀውም፤ እርሱ የሚያውቀው ገዥ በሬውን ዋጋ የሚጠራለትን ነው።

ሆኖም ሁለቱ ገዥዎች ይገናኛሉ። የሚገናኙት ግን በሹመት ደብዳቤው ላይ ሳይሆን ከገዥው ወንበር በታች ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ባንኮች በዓመት ምን ያህል ማበደር እንደሚችሉ የሚወስነው፣ የውጭ ምንዛሪውን የሚከታተለው፣ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት የሚመዘግበውና ባንኮችን የሚመረምረው ክፍል እንዴት እንደተደራጀ፣ ማንስ እንደሚሠራበት ያወቀ ነጋዴ፣ የሹመት ዜና በሰማ ቁጥር ከመደናገጥም ሆነ በከንቱ ተስፋ ከማድረግ ይድናል።

ዳኛና ተጫዋች

የብሔራዊ ባንክ የአደረጃጀት ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ ይኸውም ዳኛው ማነው፣ ተጫዋቹስ ማነው የሚለው ነው።

በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና የመጀመሪያ ገዥዎቹ አሜሪካውያን የነበሩት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሁለቱንም ሆኖ ይሠራ ነበር። ብር ያወጣል፣ የመንግሥትን ሒሳብ ይይዛል፣ እንደ ማንኛውም ንግድ ባንክም ከነጋዴው ተቀማጭ ይሰበስባል፣ ያበድራል። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ይህ ባንክ ለሁለት ተከፈለ። የዳኝነቱን ሥራ ብሔራዊ ባንክ፣ የንግዱን ሥራ ንግድ ባንክ ወስደው ከታህሳስ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ለየብቻቸው ሥራ ጀመሩ። የብሔራዊ ባንኩ የመጀመሪያ ገዥም አቶ ምናሴ ለማ ነበሩ።

ታህሳስ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች በሙሉ ሲወረሱ ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ቀረ። ዳኛውም ተጫዋቾቹም የአንድ መንግሥት ንብረት ሆኑ። የግል ባንክ በሌለበት አገር የባንክ ተቆጣጣሪ ዋና ሥራ ዕቅድ መፈጸሙን ማየት እንጂ የአስቀማጩ ገንዘብ አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን መመርመር አልነበረም።

ይህ የተለወጠው በጥር 1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 83 እና 84 ሲወጡ ነው። ለግል ባለ ሀብት በሩ ተከፈተ፤ አዋሽ ባንክ በየካቲት 1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረትና ንብ በቀጣዮቹ ዓመታት ተከተሉ። ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሰጥ፣ መጽሐፍ የሚመረምር፣ ሲያስፈልግ የሚቀጣ ክፍል በእውነት ያስፈለገው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

ሠራተኛው ወዴት ይሄዳል?

እዚህ ላይ የሰው ኃይሉ ጉዳይ ይመጣል። የባንክ መርማሪ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ እንደወጣ ሥራውን አይችለውም። ብድር በመዝገብ ላይ ጤነኛ መስሎ ሳለ በእውነቱ የታመመ መሆኑን ለመለየት፣ ባንኩ ድረስ ሄዶ መዝገብ ማገላበጥንና ከቢሮ ሆኖ ወርሐዊ ሪፖርት ማንበብን አጣምሮ ለዓመታት መሥራት አለበት። ይህን ዕውቀት ካገኘ በኋላ ደግሞ በጣም የሚፈልጉት እርሱ የሚመረምራቸው ባንኮች ናቸው።

ጉዞው ከላይ እስከ ታች የታየ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጀመሪያው የብሔራዊ ባንክ ገዥ የነበሩት አቶ ለይኩን ብርሃኑ በኋላ የአዋሽ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚህ ነውር የለም፤ በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። ልምዱ ለባንኮቹ ጥቅም ነው፤ ለተቆጣጣሪው ክፍል ግን ባዶ ወንበር ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም. አንድ የግል ባንክ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ። ከነዚህም ሌላ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የአነስተኛ ብድር ተቋማት፣ በስልክ ገንዘብ የሚያዘዋውሩ ድርጅቶች በሙሉ ተጠሪነታቸው ለዚያው ባንክ ነው። በታህሳስ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። የውጭ ባንክ ሲገባ የሚከፍለው ደመወዝ ከአገር ውስጥ ባንኮችም ከተቆጣጣሪውም ሊበልጥ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ይህ ጉዳይ ጨፋ ሮቢትን የሚነካበት አንድ ጉልህ ምሳሌ አለ። በአማራ ክልል ለአርሶ አደሩና ለአነስተኛ ነጋዴው ለረጅም ዓመታት ሲያበድር የኖረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭሩ አብቁተ፣ ወደ ጸደይ ባንክ ተለውጧል። ለደንበኛው የተለወጠው በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ይመስለዋል። በብሔራዊ ባንክ ውስጥ ግን የተቋሙ መዝገብ ከአነስተኛ ብድር ተቋማት ቁጥጥር ወደ ባንኮች ቁጥጥር ተሻግሯል። የካፒታል መመዘኛው፣ የብድር አመዳደቡ፣ የሪፖርቱ ዓይነት ሌላ ነው። በቡድን ዋስትና ለብዙ ሺህ ሰው ጥቂት ጥቂት ሲያበድር የነበረ ተቋም በባንክ መመዘኛ ሲለካ፣ ትንሹን ተበዳሪ ትቶ ትልቁን እንዲፈልግ የሚገፋው ነገር ይኖራል። ይህን አይቶ ሚዛን የሚጠብቅ መርማሪ መኖር አለመኖሩ ለከሚሴና ለአካባቢዋ አነስተኛ ነጋዴ ከገዥው ስም ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ከአንድ ሰው ወደ ኮሚቴ

በታህሳስ 2017 ዓ.ም. ከባንክ ሥራው አዋጅ ጋር አብሮ የጸደቀው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ቁጥር 1359/2017 በ2000 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 591 ተክቷል። አዲሱ አዋጅ የባንኩን ቀዳሚ ዓላማ የዋጋ መረጋጋት አድርጎ አስቀምጧል፤ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚወስደውን ብድርም በገደብ አስሯል። በዚያው ወር የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ።

ኮሚቴ መቋቋሙ ጥቃቅን የቢሮ ለውጥ አይደለም። የእንግሊዝ ባንክ ወለድ የመወሰን ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሰጠው ውሳኔው የገዥው ብቻ እንዳይሆን ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞለታል። ጎረቤት ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኮሚቴ ትሠራለች። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስብሰባው በየሩብ ዓመቱ ቀን አለው፤ ከስብሰባው በኋላ ምን እንደተወሰነና ለምን እንደተወሰነ መግለጫ ይወጣል። ቀድሞ ግን መመሪያ በድንገት በደብዳቤ ይደርስ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ላይ 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ የታዘዙት በዚህ መልክ ነው፤ ትዕዛዙ የተነሣው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ብድር ፈላጊው «ባንኩ ገንዘብ የለውም» ሲባል፣ የገንዘቡ አንድ ክፍል በዝቅተኛ ወለድ ለአምስት ዓመት ታስሮ እንደነበር የሚነግረው አልነበረም።

ዛሬም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ልዩነቱ አሁን ቁጥሩ በይፋ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገታቸው ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ገደቡ በታህሳስ 2017 ወደ 18 በመቶ፣ በመስከረም 2018 ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ባንኩ የራሱን የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ አድርጎ ያስተዋወቀው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ዓላማው የዋጋ ንረቱን ማብረድ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ንረት በ2017 ማብቂያ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ገደቡ ገበያ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ሒሳብ ይታያል። 1 ቢሊዮን ብር ብድር ያለው አንድ ባንክ በ14 በመቶ ገደብ በዓመቱ ውስጥ ሊጨምር የሚችለው 140 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። በ18 በመቶ 180 ሚሊዮን፣ በ24 በመቶ 240 ሚሊዮን ይሆናል። ተቀማጩ የቱንም ያህል ቢያድግ ከዚህ አያልፍም። ይህችን የተመጠነች ጭማሪ የሚያከፋፍለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከመቶ አነስተኛ ተበዳሪ ይልቅ አንድ ትልቅ ደንበኛ ማስተናገድ ይቀለዋል። ስለዚህ የወረዳ ከተማ ቅርንጫፍ ተቀማጭ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ብድሩ ሌላ ቦታ ይሰጣል። የ2014ቱ ጦርነት እስከ ኮምቦልቻና ከሚሴ መድረሱን የሚያስታውስ የብድር ኮሚቴም ለአካባቢው ሲሆን እጁ የበለጠ ይጠብቃል። እንግዲህ የገደቡ መላላት ጨፋ ሮቢት መድረሱን ማወቅ የሚቻለው በመግለጫው ሳይሆን ቅርንጫፉ በራሱ ሥልጣን ምን ያህል ማበደር እንደተፈቀደለት በመጠየቅ ነው።

የምንዛሪው ጠረጴዛ

ማሾ ከጨፋና ከአካባቢው ቆላ ተሰብስቦ እንደ ሕንድ ወዳሉ አገሮች ይላካል። ላኪው የሚያገኘው ዶላር ምን ያህሉ ለራሱ እንደሚቀርለት፣ እርሱ በገበያው ላይ ለኩንታሉ የሚጠራውን ዋጋ ይወስናል።

ይህ ጠረጴዛ በብሔራዊ ባንክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሥራው የተለዋወጠ ነው። ለ20 ዓመት ያህል በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተቸንክሮ የቆየው ዶላር በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሲገባ፣ በዚያው ዓመት የዶላር ጨረታ በብሔራዊ ባንክ ተጀመረ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ጨረታው በባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ተተካ። ከዚያ በኋላ እጥረቱ እየከፋ ሲሄድ የጠረጴዛው ሥራ ወደ ድልድልና ወደ ወረፋ ጥበቃ አዘነበለ።

በ2014 ዓ.ም. መመሪያ ላኪው ካስገባው 100,000 ዶላር 70,000ውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10,000ውን ለራሱ ባንክ አስረክቦ 20,000 ዶላር ብቻ ይቀርለት ነበር። ዶላሩን ለማስመጣት ሥራው የሚፈልገው ላኪ በማሾው ላይ እየከሰረም ይገዛ የነበረው ለዚህ ነው፤ ኪሳራውን የሚያወጣው ከሚያስመጣው ዕቃ ላይ ነበር። ድርሻው ከጊዜ በኋላ ከፍ እያለ መጥቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከቡ ቀረ፤ ለላኪው የሚቀረውም 50 በመቶ ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን በተደረገው ጨረታ ዶላር በአማካይ 107 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ ተሸጠ። የጠረጴዛው ሥራም ከማደል ወደ መከታተልና ወደ ጨረታ ማካሄድ ተለወጠ።

ይህ ለሰብሳቢው ነጋዴ የሚያስተምረው አለ። በኪሳራ የሚገዛ ላኪ እየቀነሰ ሲሄድ የማሾ ዋጋ ይበልጥ የሚከተለው የውጭውን ዋጋና የዕለቱን ምንዛሪ ነው። ደላላው በስልክ ከሚነግረው ዋጋ ጎን ባንኮች በየቀኑ የሚለጥፉትን ምንዛሪ መመልከት የግድ ሆኗል።

በሬው መያዣ ሲሆን

ለጨፋ ሜዳ ነጋዴ ከሁሉም ይበልጥ ቅርብ የሆነው ለውጥ ምናልባት በጣም ያልተወራለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። መዝገቡን የሚይዘው ጽሕፈት ቤት የተደራጀው በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። በሕጉ መሠረት ከብት፣ በመጋዘን ያለ እህል፣ ማሽን፣ ከገዥ የሚጠበቅ ሒሳብ ሳይቀር በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል።

በቦርከና ወንዝ ዳር በበጋ ከአፋርና ከአጎራባች ቆላዎች የሚመጣው ከብት በሚሰማራበት አካባቢ፣ በሰኞው የባቲ ገበያና በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ብዙ ገንዘብ በቀንድ ከብት መልክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ቤትና ቦታ ካልሆነ አላበድርም ይል ለነበረው ባንክ ግን ይህ ሁሉ ሀብት የማይታይ ነበር።

አዋጁ ወጥቶ ሳለ ነገሩ የሚያዘግመው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከብት ይሞታል፣ ይሄዳል፤ መለያ ምልክትና የእንስሳት ኢንሹራንስ ካልተያያዘ ባንኩ አይደፍርም። ሁለተኛ፣ የበሬውን ዋጋ የሚገምት ባለሙያ በቅርንጫፍ ደረጃ የለም፤ ዋጋውን በትክክል የሚያውቀው ደላላው ነው፤ የደላላ ቃል ደግሞ በብድር መዝገብ ላይ ቦታ የለውም። ሦስተኛ፣ የባንክ መርማሪው ራሱ በከብት የተያዘን ብድር እንዴት እንደሚመዝን ካላወቀ፣ ባንኩ ብድሩን አደገኛ ይልብኛል ብሎ ይፈራል። ሦስተኛው እንቅፋት ሙሉ በሙሉ የሰው ኃይል ጉዳይ ነው። ቀላሉ ጀማሮ በመጋዘን ደረሰኝ ላይ ያለ እህል ሊሆን ይችላል፤ እህል እግር የለውምና።

ወለድ አልባውና ተመርማሪው

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ወለድ ሽሽት ገንዘቡን ከባንክ ውጭ የሚያኖር ነጋዴ ጥቂት አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ነባር ባንኮች ወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም መንገዱን ከፈተ፤ ዘምዘም ባንክም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

በሙራባሃ ውል ባንኩ በሬውን ወይም ማሾውን ራሱ ገዝቶ በትርፍ ለነጋዴው ይሸጣል። ውሉ ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው። ብድር ብቻ ሲመረምር የኖረ መርማሪ ይህን ሲያይ ዕቃው በእርግጥ ተገዝቷል ወይስ ወረቀት ብቻ ነው የሚለውን መጠየቅ መቻል አለበት። ባንኩ በስም ብቻ ከሸጠ ነጋዴው የሸሸውን ወለድ በሌላ ስም እየከፈለ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው በተቆጣጣሪው ክፍል መኖሩ የእምነት ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይም ነው።

በጎኑ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሽፋን ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው። በአንድ ደብተር 600,000 ብር ያኖረ ነጋዴ ለቀረው 500,000 ብር መተማመኛው የተቆጣጣሪው ንቃት ብቻ ነው ማለት ነው።

ምን ይጠየቅ?

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ የገዥ ለውጥ ዜና ሲሰማ ነጋዴው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው በቀኑ ተሰብስቧል ወይ? መግለጫውስ ወጥቷል? የብድር ዕድገት ገደቡ ምን ላይ ነው? ላኪው ከዶላሩ ምን ያህል ይቀርለታል? የመያዣ መዝገቡ ከብትና እህል እየመዘገበ ነው ወይስ መኪና ብቻ? የቁጥጥር ክፍሉስ ሠራተኛ እየጨመረ ነው ወይስ እየተመናመነ?

ለነዚህ የሚሰጠው መልስ ካልተለወጠ የገዥው መለወጥ ለጨፋ ሮቢት ገበያ የሩቅ ወሬ ነው። መልሱ ከተለወጠ ግን ማንም ይሾም ማን፣ የማሾው ዋጋ፣ የበሬው ብድርና የደብተሩ ደኅንነት አብረው ይለወጣሉ። የካቲትና መጋቢት ላይ ገንዘብ የሚያስፈልገው ነጋዴ ታህሳስ ላይ የሚወጣውን የኮሚቴ መግለጫ ቢያነብ፣ ቅርንጫፉ በር ላይ ከመሰለፉ በፊት ሊያገኝ የሚችለውን ያውቃል።